ከድንጋይ በፊት ጥያቄ

ጠብ የማይነሣበት ቤት የለም፤ ጠብ የማይነሣበት ሰፈርም የለም። ወንድማማቾች በአንድ ገበታ ሲበሉ ይጣላሉ፤ ጓደኛሞች በአንድ ኳስ ሲጫወቱ ይጣላሉ። ስለዚህ ጠብ መነሣቱ ብቻውን ልጅን ክፉ አያሰኘውም። ልጅ የሚመሰገነው ወይም የሚነቀፈው ጠብ በተነሣ ጊዜ በሚያደርገው ነገር ነው። አንዱ በእጁ ይመልሳል፤ ሁለተኛው በአእምሮው ይመልሳል። እጅ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዕውር ነው። አእምሮ ጥቂት ይዘገያል፤ ነገር ግን ያያል።

ድሬ ዳዋ የብዙ ዐይነት ሰዎች ከተማ ናት። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ በመካከሏ ያልፋል፤ ከወንዙ በአንድ ወገን ከዚራ፥ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛሉ። በገበያዋና በመንገዷ ኦሮምኛ፥ ሶማልኛ፥ አማርኛና ሐረሪኛ ይሰማሉ። የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን በአንድ ማለዳ ይሰማሉ። ብዙ ልጆችም ትምህርት ቤት ሳይገቡ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ያውቃሉ። ብዙ ሰው በአንድነት በሚኖርበት ስፍራ ግን መነካካት አይቀርም። የአንዱ ክርን ሌላውን ይነካል፤ የአንዱ ቃል በሌላው ጆሮ ሌላ ይመስላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለች ከተማ የሚያድግ ልጅ ከፊደልና ከቍጥር ጋራ ጠብን በጥበብ መፍታትን ሊማር ይገባዋል።

1. የፈሰሰው ውኃ

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ በምሳሌ ይታይ። በደቻቱ ዳር ባለ አንድ ሰፈር ውኃ የሚቀዳበት ቦኖ ነበረ። አንድ ቀን ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ልጆች ጀሪካኖቻቸውን ይዘው በረጅም ሰልፍ ቆሙ። ከእነርሱም መካከል የአናጢ ልጅና የባለ ጋሪ ልጅ ነበሩ። የአናጢው ልጅ በቤቱ አማርኛ፥ የባለ ጋሪው ልጅ በቤቱ ሶማልኛ ይናገር ነበር፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ ያውቅ ነበር።

የአናጢው ልጅ ብዙ ከጠበቀ በኋላ ተራው ደረሰ። ጀሪካኑን ሞላ። ክዳኑን ሊገጥም ጎንበስ ባለ ጊዜ የባለ ጋሪው ልጅ ከኋላው መጥቶ በላዩ ወደቀበት። ጀሪካኑ ተገለበጠ፤ ውኃውም ሁሉ በአሸዋው ላይ ፈሰሰ። በሰልፉ የነበሩ ልጆችም ሳቁ።

የአናጢው ልጅ ፊቱ ጠቆረ። ልቡም፥ «አውቆ ገፋህ፤ ናቀህ፤ መሣቂያ አደረገህ» አለው። እርሱም ልቡ የነገረውን ሳይመረምር ድንጋይ አነሣና ወረወረ። የባለ ጋሪው ልጅ ዝቅ ብሎ አመለጠ፤ ድንጋዩ ግን ከኋላው ቆማ የነበረችውን ታናሽ እኅቱን ከቅንድቧ በላይ መታት። ልጅቱ ጮኸች፤ ደምም በፊቷ ላይ ወረደ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የሁለት ልጆች ነገር መሆኑ ቀረ። የልጅቱ አባት በትሩን ይዞ ወጣ። የአናጢውም ዘመዶች ወጡ። ስለ ፈሰሰው ውኃ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ አንዱ ወገን «እነዚያ ልጃችንን መቱ» ሲል፥ ሌላው ወገን «እነዚያ ሊደበድቡን መጡ» ይል ነበር። አንድ ልጅ የወረወረው አንድ ድንጋይ «እኛ» እና «እነዚያ» የሚለውን ቃል ከብዙ አፍ አወጣ።

2. ሽማግሌዎቹ የጠየቁት

በዚያ ጊዜ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው በመካከል ቆሙ። አንደኛው አማራ፥ ሁለተኛው ሶማሌ፥ ሦስተኛው ኦሮሞ ነበሩ። አስቀድመው ልጅቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ አዘዙ፤ እናቷም ወሰደቻት። ቀጥለውም ሰዎቹን ሁሉ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡ። የልጅቱ አባት በትሩን መሬት ላይ እንዲያኖር ለመኑት፤ እርሱም አኖረ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት የአናጢውን ልጅ ወደ ፊታቸው ጠርተው፥ «ልጄ፥ ድንጋይ የወረወርኸው ስለ ምንድር ነው?» አሉት።

«አባቴ፥ ውኃዬን ስለ ደፋብኝ ነው» አለ።

«የደፋብህ አውቆ ነውን?»

«አዎን፥ አውቆ ነው።»

«አውቆ እንደ ሆነ በምን ዐወቅህ? ጠየቅኸውን?»

ልጁ ራሱን ደፍቶ ዝም አለ።

ሽማግሌው ወደ ባለ ጋሪው ልጅ ዘወር ብለው፥ «አንተስ ልጄ፥ ስለ ምን ወደቅህበት?» አሉት።

እርሱም፥ «አባቴ፥ ጭነት የተሸከመ አህያ ከኋላ መጥቶ ሰልፉን ገፋው፤ እኔም ወደቅሁ። የእኔም ጀሪካን ከእጄ ወጣ፤ ጕልበቴም ተላጠ» ብሎ ጕልበቱን አሳየ። ከኋላው የነበሩት ልጆች አህያውን አይተው ነበርና እውነት ነው ብለው መሰከሩ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፥ ስማኝ። እኛ አሁን የጠየቅነው ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ‹ምን ሆንህ?› ከማለት አይበልጥም። ይህን ጥያቄ እኛ በመጨረሻ ጠየቅነው። አንተ በመጀመሪያ ጠይቀኸው ቢሆን ኖሮ የዚህች ሕፃን ደም ባልፈሰሰ ነበር። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ነገር ግን በምትኩ ሌላ ይቀዳል። የፈሰሰ ደም ግን ከየትኛው ቦኖ ይቀዳል?»

ልጁም አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ አባቱ የሕክምናውን ዋጋ እንዲከፍል፥ ልጁም የልጅቱ ቍስል እስኪድን ድረስ በየማለዳው ለቤቷ ውኃ እንዲቀዳ ፈረዱ። የሳቁትንም ልጆች ገሠጹ፤ ሳቃቸው በእሳት ላይ እንደ ተጨመረ ጭድ ሆኖ ነበርና። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ሁሉ፥ «ይህ ነገር ዳግመኛ እንዳይሆን ምን ይደረግ?» ብለው ጠየቋቸው። አንዱ ልጅ፥ «ባለ አህያው አህያውን ከሰልፉ አርቆ ይሰር» አለ። አንዲት ልጅም፥ «ጀሪካኖቻችን በተራ ይደርደሩ፤ እኛ ግን በጥላ እንቀመጥ፤ ያን ጊዜ አንገፋፋም» አለች። ምክራቸው ተወደደ፤ ከማግሥቱም ጀምሮ እንዲሁ ተደረገ።

የልጅቱ ቍስል ዳነ፤ ነገር ግን ከቅንድቧ በላይ ትንሽ ጠባሳ ቀረ። የአናጢው ልጅ ባገኛት ቍጥር ያን ጠባሳ ያይ ነበር።

3. ይህ ጥበብ የአገር ነው

ሽማግሌዎቹ ያደረጉት ነገር አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሥርዓት ነው። አማሮች ሽምግልና ይሉታል፤ ኦሮሞዎች ጃርሱማ ይሉታል። በድሬ ዳዋ ዙሪያ የሚኖሩ የኢሳ ሶማሌዎችም ሄር ኢሴ የሚባል በቃል የሚተላለፍ ሕግ አላቸው። በዚህ ሕግ የሚዳኙ ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተቀምጠው የተጣሉትን ይሰማሉ። ኢትዮጵያ፥ ጅቡቲና ሶማሊያ በአንድነት ባቀረቡት ጥያቄ ሄር ኢሴ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ።

የእነዚህ ሁሉ ሥርዓቶች ስማቸው ልዩ ልዩ ነው። ነገር ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም የሁለቱ ወገኖች ቃል ሳይሰማ አይፈረድም ማለት ነው። በችኰላ ድንጋይ የሚያነሣ ልጅ ግን ከሳሽም፥ ምስክርም፥ ዳኛም፥ ቀጪም ራሱ ይሆናል። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ከቶ ቀና ፍርድ አይፈርድም።

4. ሊቃውንት የመረመሩት ነገር

የልጆችን ጠብ በብርቱ የመረመሩ ሊቃውንት በሌላም አገር አሉ። አሜሪካዊው ኬኔት ዶጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ያሳተመው ምርመራ በዚህ ነገር የታወቀ ነው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በመማታት የሚታወቁ፥ ሌሎቹም በሰላም የሚጫወቱ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ ተቈራርጦ የሚገጣጠም ሥዕል ተሰጠው። ጥቂት ከሠራ በኋላም ሌላ ልጅ ሥዕሉን እንዳፈረሰበት እንዲሰማ ተደረገ።

ለአንዳንዶቹ ልጆች ሥዕሉ በክፋት እንደ ፈረሰ፥ ለሌሎቹ ሳይታወቅ በስሕተት እንደ ፈረሰ ተሰማቸው። ለቀሩት ግን በክፋት ይሁን በስሕተት ግልጥ አልነበረም። ነገሩ ግልጥ በሆነ ጊዜ የሁለቱም ወገን ልጆች አመላለስ ተቀራረበ። ግልጥ ባልሆነ ጊዜ ግን በመማታት የሚታወቁት ልጆች በክፋት እንደ ተደረገባቸው ቈጥረው በቀልን መረጡ፤ ሌሎቹ ግን ታገሡ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ልጅን ወደ ድብድብ የሚያገባው የሆነበት ነገር ሳይሆን ስለ ሆነበት ነገር የገመተው ግምት ነው።

በፊላደልፊያ ከተማም ጆርጅ ስፒቫክና ሚርና ሹር የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ነበሩ። እነርሱ የ4 ዓመት ሕፃናትን ሳይቀር፥ «ሌላ ምን ማድረግ ትችላለህ? ይህን ብታደርግ ቀጥሎ ምን ይሆናል?» እያሉ ማስተማርን ጀመሩ። ብዙ መንገድ ማሰብ የሚችል ልጅ መማታትን እንደሚቀንስ፥ ይህም ችሎታ እንደ ንባብ በትምህርት እንደሚገኝ በሥራቸው አሳዩ። ስለዚህ ማንም ልጅ፥ «እኔ በተፈጥሮዬ ቍጡ ነኝ» ብሎ ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም። ማንበብን እየተዳፈረ እንደ ተማረ፥ መታገሥንም እየተዳፈረ ይማራል።

5. አራቱ ጥያቄዎች

ቍጣ በመጣ ጊዜ ልጅ አስቀድሞ እጁን ይሰብስብ፤ በረጅሙ ይተንፍስ፤ እስከ 10 ይቍጠር። ከዚያም እነዚህን አራት ነገሮች ይጠይቅ።

አንደኛ፥ ምን ሆነ? ይህን ጥያቄ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለባልንጀራውም ያቅርብ። አጠያየቁም በጩኸትና በስድብ አይሁን፤ በጩኸት የተጠየቀ ሰው በጩኸት ይመልሳልና።

ሁለተኛ፥ ምን ምን ማድረግ ይቻላል? ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ብዙ ጊዜ መማታት ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ይፈለግ።

ሦስተኛ፥ ከዚያ በኋላ ምን ይመጣል? ድንጋይ የወረወረ ልጅ ድንጋዩ ከእጁ እስኪወጣ ድረስ ጌታው ነው። ከወጣ በኋላ ግን በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚያዝበት አይደለም።

አራተኛ፥ ለሁለታችንም የሚሻለው የትኛው ነው? አንዱን ብቻ ደስ የሚያሰኝ ዕርቅ ዕድሜው አጭር ነው።

ለምሳሌ፥ በበጋ ደቻቱ በደረቀ ጊዜ ልጆች በአሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሁለት ቡድኖች አንዱን ስፍራ በአንድ ሰዓት ቢፈልጉ ምን ይደረጋል? መደባደብ ይቻላል፤ ነገር ግን ኳሱ ይቀደዳል፥ ጨዋታውም ይቀራል። አንዱ ቡድን እስከ አንድ ግብ፥ ሁለተኛውም ከዚያ በኋላ መጫወት ይችላል። ስፍራውን ለሁለት መክፈልም ይቻላል። ወይም ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርሳቸው ሊጋጠሙ ይችላሉ። ይህ የመጨረሻው ጠላት ይመስሉ የነበሩትን ልጆች የጨዋታ ጓደኞች ያደርጋቸዋል።

6. ከሩቅ የሚመጣ ጎርፍ

ደቻቱ በዓመት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናብ በደጋው በዘነበ ጊዜ ግን ጎርፉ በድንገት ወደ ከተማው ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፥ ሰዎች ተኝተው ሳሉ፥ ብርቱ ጎርፍ በሌሊት ወረደ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤታቸውን አጡ። ውኃው ከተማይቱን ክፉኛ ጐዳት፤ ዝናቡ ግን የዘነበው ርቆ በደጋው ነበር።

የልጅ ቍጣም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ከሩቅ ይመጣል። በማለዳ በቤቱ የተሰደበ፥ ቁርስ ሳይበላ የወጣ፥ ወይም በታላላቆቹ የተመታ ልጅ ያን ሁሉ በሆዱ ይዞ ይመጣል፤ በቦኖውም አጠገብ በባልንጀራው ላይ ያፈስሰዋል። ስለዚህ የተቈጣ ልጅ፥ «ይህ ቍጣዬ በእውነት ከዚህ ሰው የመጣ ነውን?» ብሎ ራሱን ይመርምር። ባልንጀራው ያለ ልማዱ ቢቈጣበትም፥ «ዛሬ ምን አገኘው?» ብሎ ይዘንለት። ሐዘን በሆዱ የያዘ ልጅም ለሚያምነው ታላቅ ሰው ይንገር፤ የተነገረ ሐዘን ጎርፍ አይሆንም።

ከጎርፉ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ የሚሠራው ወንዙ በደረቀ ጊዜ ነው፤ ጎርፍ ከመጣ በኋላ ድንጋይ መደርደር አይቻልም። እንደዚሁም ትዕግሥትን መለማመድ ልብ በጸጥታ ባለ ጊዜ ነው።

7. ሁለተኛው መንገድ

ድሬ ዳዋ ራሷ ሁለተኛ መንገድ በመፈለግ የተገኘች ከተማ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲያሠራ ፈቃድ ሰጡ። በመጀመሪያ የታሰበው መንገዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል ከ1800 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋ ላይ ናት፤ ወደ እርሷም ባቡር ለማውጣት ተራራው ጽኑ፥ ወጪውም ብዙ ሆነ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መንገዱ በቈላው በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ መረጡ። ባቡሩ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. በደረሰበት ስፍራ አዲስ ከተማ ተቈረቈረች፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተባለች። ተራራ በፊታቸው ቆሞ ሳለ ሌላ መንገድ የፈለጉት ሰዎች ሥራቸውን አላጡም፤ ከተማ ተጨመረላቸው እንጂ።

በቅዱስ መጽሐፍም አብርሃምና ሎጥ በዚህ ይታወሳሉ። እረኞቻቸው ስለ ግጦሽ በተጣሉ ጊዜ አብርሃም ታላቅ ሳለ ለታናሹ የመምረጥን ዕድል ሰጠው፤ በሰላምም ተለያዩ። አብርሃም በዚህ አልተዋረደም። ታላቅነቱ እስከ ዛሬ የሚነገረው ከዚህም የተነሣ ነው።

8. አውቆ የበደለ ቢሆንስ?

እዚህ ላይ አንዳንድ ልጅ፥ «ጠይቄው፥ አዎን፥ አውቄ ነው ቢለኝስ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አውቆ የሚበድል ልጅ አለ። ትዕግሥት ማለት በደልን ሁሉ ዝም ብሎ መሸከም አይደለም። የተበደለ ልጅ ቀና ብሎ ቆሞ፥ «ይህ ያደረግኸው ክፉ ነው፤ አልወደውም፤ ተው» ብሎ በግልጥ ይናገር። ያም ባይተው ርቆ ይሂድ፤ ለአባቱ፥ ለእናቱ ወይም ለመምህሩ ይንገር። በደልን ለታላቅ መንገር ነገር ማመላለስ አይደለም። ነገር የሚያመላልስ ሰውን ለማጣላት ይናገራል፤ በደሉን የሚያስታውቅ ግን ጕዳት እንዳይበዛ ይናገራል።

ይህን ማድረግ ፍርሃት እንደ ሆነ የሚናገሩ አሉ። ነገር ግን በተቈጣ ጊዜ መምታት ለማንም አይከብድም፤ እልኸኛ በሬም ይወጋል። የተነሣውን እጅ መልሶ ማውረድ ግን ብርቱ ልብ ይፈልጋል። ልጆችም የሚያድጉት ታላላቆችን እያዩ ነውና፥ በቤት ውስጥ በትር ሳያነሡ ጠይቀው የሚፈርዱ አባትና እናት ለልጃቸው ከብዙ ምክር የሚበልጥ ትምህርት ይሰጡታል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ነገር ግን ያፈሰሱት ሁሉ የሚለቀም አይደለም። ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው፤ ሳይጠይቁ የመቱትን ለማስታረቅ ግን የሽማግሌዎች አንድ ቀን ሙሉ አይበቃም። ድንጋይ በእጃችሁ ሳለ፥ «ምን ሆንህ?» ማለትን ልመዱ።

ጥያቄ

1. የአናጢው ልጅ ድንጋይ ሲወረውር ልቡ ምን ብሎት ነበር? እውነቱስ ምን ነበር?
2. ሽማግሌዎቹ ከሁሉ አስቀድመው ምን አደረጉ? ስለ ምን?
3. በቦኖው አጠገብ ጠብ እንዳይነሣ ልጆቹ ምን ምን አሰቡ?
4. የልጅ ቍጣ የደቻቱን ጎርፍ የሚመስለው በምንድር ነው?
5. የባቡሩ መንገድ ወደ ሐረር ያልወጣው ስለ ምንድር ነው?
6. ነገር በማመላለስና በደልን ለታላቅ በመንገር መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
7. አንድ ልጅ ሳይጠይቅ እርሳስህን ቢወስድ ልታደርጋቸው የምትችላቸውን ሦስት ነገሮች ተናገር፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ምን እንደሚመጣ አስረዳ።